ምዕራፍ 6፦ ክሪኩ የት ይግባ?

ትምህርቱን የወሰድኩት እንፍራንዝ ላይ ነው፤ ክፍያውን የከፈለችው ደግሞ መኪናዬ ናት። ወሩ መስከረም ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንመለስ አዲስ ዘመንን አልፈን የእንፍራንዝ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ ዝቅ ያለች፣ በዚያ ላይ ወረታ የገዛነውን አንድ ጆንያ ሽንኩርት የተሸከመች። ከአስፋልቱ ዳር አወጣኋትና ክሪኩን ይዤ በደረቴ ተኛሁ። ከኋላው በር ስር፣ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ፣ ለጥ ያለ ጥቁር ቅብ የተቀባ ቦታ አገኘሁ። የክሪኩ ራስ እንደ ልብ ይቀመጥበታል። ማዞር ጀመርኩ።

መኪናዋ አልተነሣችም። ክሪኩ ግን ይነሣል። ይሄ ነገር እንዴት ነው እያልኩ ሳለ ከውስጥ «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ብታይ የኋላው ምንጣፍ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ኋላ ስንጫወት እንደነገሩኝ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከመነሣታቸው በፊት ከተቀመጡበት ጮኹብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምኑን ነው የምታነሣው?»

«መኪናውን ነዋ፣ አባባ።»

«መኪናውንማ መች አነሣኸው። ቆርቆሮውን ነው የምትበሳው።»

መጡና ክሪኩን አስወረዱኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሌባ ጣቴን ያዙና ከበሩ ስር ወደ ታች በተንጠለጠለው የብረት ጠርዝ ላይ እየጎተቱ ወሰዱት። ጠርዙ እንደ ቢላ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና ከኋላው ጎማ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ትንሽ ጎድጎድ ያለች ምልክት ላይ ጣቴ ገባ። ጥቂት አልፎ ሌላ ሁለተኛ ጎድጓዳ አለ። «ከዚችና ከዚች መሀል» አሉኝ። «ዳስሳት። ማታም ብትሆን በእጅህ ታገኛታለህ።»

ይህ ምዕራፍ ስለዚያች የአራት ጣት ስፋት ነው።

ክሪክ የሚለው ቃል ከጣልያን ነው የመጣልን። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ፣ ስኮርታ ሁሉ ከዚያው ቤት ናቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የጭነት መኪናውን፣ መንገድ ሠሪውንና መካኒኩን ይዞ ነው የገባው። በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው ጦሩ እጁን የሰጠውም ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። በሊማሊሞ የሚጠመዘዘው መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ መንገዱና ቃሉ ቀሩ። ሙያው ግን በመጽሐፍ አልቀረም፤ ከሹፌር ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ረዳት በዓይን ነው የተላለፈው። እነዚያ ሹፌሮችና ረዳቶች ዓይናቸውን የገለጡት ደግሞ በጭነት መኪና ስር ነው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ አለው፤ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ወፍራም የብረት ወራጆች፣ በመሀል በመሀላቸው ርብራብ የተሰካባቸው፤ በአጭሩ ወለል ላይ የተጋደመ መሰላል ማለት ነው። ሞተሩም፣ ጋቢናውም፣ ካሶኔውም ከላይ የተጫኑ ናቸው። ከስሩ ገብቶ ወፍራም የመሰለውን ነገር የደገፈ ሰው ብዙም አይሳሳትም። ከፊያት ኤን ትሬ ጀምሮ እስከ ዛሬው አይሱዙ፣ ሂሉክስና ላንድክሩዘር ድረስ ይኸው ነው። «ከስር ጠንከር ያለ ቦታ ፈልገህ ክሪክ አስገባ» የሚለው የመንገድ ዳር ምክር ለእነዚህ ትክክል ነው።

የቤት መኪና ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ላዳም ጭምር ሻንሲ የሚባል የተለየ አካል የላቸውም። ወለሉ፣ ጎኑ፣ ምሰሶው፣ ጣራው ሁሉ ስስ ላሜራ ታጥፎና ተበይዶ አንድ ሳጥን የሆነ ነው። ጥንካሬው እንደ መሶብ ጥንካሬ ነው። አክርማው ብቻውን በሁለት ጣት ይቀነጠሳል፤ ተጠቅልሎ ሲሰፋ ግን እንጀራውን ከነወጡ ይሸከማል። መሶብን ከግርጌው ቀለበት ይዞ ማንሣት ይቻላል። በሆዱ መሀል በጣት ገፍቼ አነሣለሁ ያለ ሰው ጣቱ ውስጥ ይገባል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ለጥ ያለው ጥቁር ቦታ ወለሉ ነበር፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ላሜራ፤ ሥራው የሰው እግር መሸከም እንጂ መኪና መሸከም አይደለም።

ሽማግሌው ያሳዩኝ ጠርዝ የመሶቡ ስፌት ነው። ከበሩ ስር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ባዶ የብረት ቱቦ አለ። የውስጡ ላሜራና የውጩ ላሜራ ተገናኝተው በነጥብ ብየዳ የተሰፉበት ቦታ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በሁለቱ ጎድጓዳ ምልክቶች መካከል ደግሞ ፋብሪካው ከውስጥ ተጨማሪ ላሜራ ደርቦበታል። በአገራችን ጣራ ያዘመመ እንደሆነ ባላ የሚተከለው ከወጋግራው ስር ነው፤ ከሣሩ ስር የተከለ ባላው ጣራውን ቀዶ ይወጣል። አራቱ ቦታዎች፣ ሁለት በግራ ሁለት በቀኝ፣ የመኪናው ወጋግራዎች ናቸው።

የሚዞረው ክሪክ፣ ከመኪናው ጋር የሚመጣው፣ ራሱ ላይ ስንጥቅ አለው። ብዙ ሰው ስንጥቁን ጌጥ ይመስለዋል። ጠርዙ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው መግባት ያለበት፤ ሸክሙን የሚቀበሉት የስንጥቁ ሁለት ትከሻዎች ናቸው። ራሱ ጠፍጣፋ በሆነ የዘይት ክሪክ ያለ ምንም ነገር ጠርዙን ከገፉት ግን ጠርዙ ይታጠፋል። አንዴ ከታጠፈ ቀጣዩ ክሪክ ይንሸራተትበታል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ወፍራም የጎማ ቁራጭ፣ መሀሉን በመጋዝ ገባ አድርጎ መሰንጠቅ። እኔ አንዱን ከስኮርታው ጋር አስቀምጫለሁ።

«እኔንስ የቀጣኝ ላዳ ነው» አሉ ሽማግሌው። የድሮ ላዳና የድሮ ፎልስዋገን ክሪካቸው የተለየ ነበር። ከጎናቸው ስር ቀዳዳ አላቸው፤ የክሪኩ ክንድ እዚያ ውስጥ ይሰካና መኪናው በጎኑ ተንጠልጥሎ ይነሣል። ላዳው አዲስ ሳለ ጥሩ ነው። ቀዳዳውን የያዘው ብረት ዝጎ የበሰበሰ እንደሆነ ግን ክንዱ ከነቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣል፤ መኪናው እዚያው ይቀራል። ይህ ለዛሬዎቹም ይሠራል። ከአውሮፓ የገቡ አሮጌ መኪኖች በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ሆዳቸው የተበላ ሊሆን ይችላል። ከመሸጣቸው በፊት ደግሞ ዝገቱ በስቱኮ ተሞልቶ ከላይ ጥቁር ቅብ ይደፋበታል፤ ለዓይን አዲስ ነው። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛ ላሜራ ጠንከር ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ስቱኮ ድምፁ የታፈነ ነው፤ የበሰበሰው ደግሞ ቅርፊቱን ያራግፋል። መኪና የሚገዛ ሰው ኮፋኖ ከፍቶ ሞተር ከሚያዳምጥበት ጊዜ ሩቡን እዚህ ቢያጠፋ ባይ ነኝ።

ከስር የማይነኩት ብዙ ነው። ከፊት ስንጀምር ራዲያተሩን የያዘው ስስ ብረት አለ። ቀጥሎ ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ፤ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ክሪክ የሚጠራ ይመስላል፤ ግን ከስስ ቆርቆሮ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ከጎደጎደ ዘይት የሚስበውን ቱቦ ይደፍናል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ካምቢዮም እንደዚያው ነው። ጎማውን የሚያያይዙት ብራቾና ቴስቲኒ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የቆመ ክሪክ አይቆምም። ማርሚታ አይነካም። በጠርዙ ውስጠኛ ጎን ታስረው የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች የፍሬን ዘይትና የነዳጅ መስመሮች ናቸው፤ ክሪኩ ሲያዘነብል መጀመሪያ የሚጨፈልቀው እነሱን ነው።

ባለ ሻንሲዎቹ ዘንድ ነገሩ ይቀላል ብያለሁ፤ ቢሆንም የራሱ ወጥመድ አለው። ሂሉክስ ወይም አይሱዙ ከኋላ ሲነሣ ክሪኩ ከአክሱ ስር፣ ባሌስትራው ከታሰረበት ቀረብ ብሎ ይቀመጣል። ድቡልቡሉ ዲፍረንሻል መሀል ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ብዙ ረዳት እዚያ ይገባል። ክብ ነገር በትንሽ ክብ ራስ ላይ ማስቀመጥ እንቁላል በእንቁላል ላይ ማቆም ነው።

ትልቁ ወጥመድ የእጅ ፍሬን ነው። ይህችን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ቪትዝን በመሰሉ መኪኖች የእጅ ፍሬን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸውን ለብቻ ይይዛል። አንዱ ቢነሣ ሌላው መሬት ላይ እንደተያዘ ነው። በአይሱዙ ኤን ፒ አር ግን የእጅ ፍሬኑ ጎማ አይዝም፤ ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። የዲፍረንሻል ሥራ ደግሞ መኪናው ሲጠመዘዝ አንዱ ጎማ ከሌላው በተለየ ፍጥነት እንዲዞር መፍቀድ ነው። ዘንጉ ተይዞም ቢሆን አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ መዞር ይችላል። ሁለቱም መሬት ላይ ሳሉ መሬቱ አይፈቅድላቸውም። አንዱን ከመሬት ባነሣህባት ቅጽበት ግን ያ ጎማ ነፃ ይወጣል፤ እሱ በአየር ላይ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ይንከባለላል። እጀታው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሳለ መኪናው ይሄዳል። ማርሽ ውስጥ የተተወ መኪናም እንደዚሁ ነው፦ ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ከኋላ ከሆኑና አንዱ ከተነሣ ማርሹ ምንም አይዝም። ቪትዝን ከፊት በኩል ብታነሣት ደግሞ ማርሹ ተራውን ይከዳል፤ ያኔ የሚይዛት የኋላው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ታኮ የሚባለው ነገር የተፈጠረው። ረዳቱ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ከሁሉም በፊት ድንጋይ ፍለጋ ሲሮጥ ያየ ሰው ልማድ ብቻ ይመስለዋል። ከክሪኩ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊቱም ከኋላውም ማስደገፍ ነው፤ ሽቅብ ቁልቁል የማይመስል ሜዳ ላይም ቢሆን። ሊማሊሞ ላይማ የተነፈሰ ጎማ እየጎተቱም ቢሆን ለጥ ያለ ቦታ እስኪገኝ መሄድ ይሻላል። ጎማ ይገዛል።

ወደ እንፍራንዝ ልመለስ። ክሪኩን ሽማግሌው ካሳዩኝ ቦታ ላይ ባደርገውም ሁለተኛ ችግር መጣ፤ አሁን መኪናዋ ሳትሆን ክሪኩ ወደ መሬት ይሰምጥ ጀመር። ከጣና ዙሪያ፣ ከፎገራ እስከ ደንቢያ ያለው ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ደግሞ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። መስከረም ላይ ከላይ ቅርፊት ያወጣና ደረቅ ይመስላል፤ ከቅርፊቱ ስር ገና ክረምት ነው።

ሒሳቡን ልሥራው። መኪናዋ ወደ 1,000 ኪሎ ትጠጋለች፤ ከአንድ ማዕዘን ስትነሣ ክሪኩ ላይ የሚያርፈው 300 ኪሎ ነው እንበል። የክሪኩ መቀመጫ 10 በ10 ሴንቲሜትር ከሆነ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 3 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በ30 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚጫነው በካሬ ሴንቲሜትር 2 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጎማው የማይሰምጥበት መሬት ክሪኩን ሊውጠው ይችላል። ከክሪኩ ስር 30 በ30 የሆነ ወፍራም ሳንቃ ቢነጠፍ ግን ያው 300 ኪሎ በ900 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፋፈላል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ሱቁ በረንዳ ላይ የሚስማር ሳጥን የነበረ ጣውላ አግኝተን ደርበን አነጠፍነው። የሚገርመው መኪናዋ ያኔ ቀላል ሆና ተሰማችኝ። ቀደም ሲል የደከምኩት መሬቱን ወደ ታች ስገፋ ነበር።

ሽማግሌው ሽንኩርቱንም አስወረዱን። ሰውስ? በዝናብ ጊዜ ተሳፋሪው ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ጎማ ሲቀየር አይቻለሁ። ከውስጥ አንድ ልጅ ከወንበር ወንበር ሲዘል የመኪናው ክብደት ክሪኩ ላይ ይወዛወዛል። የጎማው ዳዶ ራሱ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ ሳለ ነው፤ ተነሥቶ እያለ መፍቻውን በእግር የሚረግጥ ሰው መኪናውን ከክሪኩ ላይ እየገፋው ነው።

እስካሁን ያልኩት ጎማ ለመቀየር ነው። ዘይት ለመቀየር ወይም ማርሚታ ለማየት ከስር መግባት ሌላ ጉዳይ ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይዝም።

የዘይት ክሪክ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች አሉ፤ ቀጭኑን በእጀታ ይገፋሉ፣ ወፍራሙ መኪናውን ያነሣል። ወፍራሙ የቀጭኑን 3 እጥፍ ዲያሜትር ካለው የገጹ ስፋት 9 እጥፍ ነውና ኃይሉም 9 እጥፍ ይሆናል። እጀታው ደግሞ በርዝመቱ 10 እጥፍ ከጨመረ 10 ኪሎ የእጅ ግፊት 900 ኪሎ ያነሣል። ደስ የሚል ብልሃት ነው። ያን 900 ኪሎ አየር ላይ ያቆየው ግን ጥቂት ዘይትና የጣት ቀለበት የምታክል የጎማ ማኅተም ናት። ማኅተሟ ካረጀች ወይም ቫልቯ ላይ አንዲት አሸዋ ካረፈች መኪናው ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዳንዴም ቀስ አይልም።

እንግዲህ መደገፊያ ያስፈልጋል፤ ቁመቱ በጥርስ ወይም በቁልፍ ብረት የሚስተካከል፣ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር ብረት። ከክሪኩ አጠገብ፣ ጠንካራው ቦታ ላይ ይቆማል፤ መኪናው ዝቅ ተደርጎ እሱ ላይ ይቀመጣል። በየግቢያችን የማየው ግን ብሎኬት ነው፤ ይህንን ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብሎኬት በሰፊው የተጫነበትን ግድግዳ ይሸከማል፤ በአንዲት ጠባብ ብረት ጠርዝ ሲጫን ግን ውስጡ ባዶ ነውና ሳይጮህ፣ ሳይሰነጠቅ፣ በአንዴ ይፈረካከሳል። ድንጋይም መኖሩን የማናየው ስንጥቅ አለው። ብረቱ ከሌለ የባሕር ዛፍ አጣና ሳይሆን ወፋፍራም የተጠረቡ አጫጭር ጣውላዎች ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ እያጣመሩ መደርደር ይሻላል፤ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጮሃል። እንፍራንዝ ላይ ሽማግሌው ገና ጎማው ሳይፈታ ስኮርታውን አውርደው ከጠርዙ ስር አስተኙት፤ ጎማው ሲፈታ ደግሞ የተነፈሰውን በቦታው ተኩ። ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ የምታርፈው ጎማ ላይ ነው፤ የሰው እጅም፣ ፍሬኑም ይተርፋል። ረዳት ሁሉ ይህን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙዎቹ አያደርጉትም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ እንደ ቢ.ዋይ.ዲ. እና የፎልስዋገን አይ.ዲ. ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። የነዚህ ሆድ ሙሉ በሙሉ ባትሪ ነው፤ ወለሉ ስር የተዘረጋ፣ ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ጠፍጣፋ ሳጥን። በእንፍራንዝ የሠራሁትን ስህተት በእነሱ ላይ ብሠራው ኖሮ ኩፍ የሚለው ምንጣፍ አይሆንም ነበር፤ የተጨፈለቀ የሊቲየም ባትሪ ከሰዓታትም በኋላ ሊቃጠል ይችላል። የክሪክ ቦታቸው ከባትሪው ውጭ፣ እዚያው ጠርዝ አካባቢ ነው፤ ክብ ቀዳዳ ወይም የጎማ መቀመጫ ተደርጎለት። ብዙዎቹ ስኮርታም ክሪክም ይዘው አይመጡም። ክብደታቸው ከ2,000 ኪሎ የሚያልፍ ስላለ ከጎረቤት ቪትዝ የተዋሱት ክሪክ አይበቃቸውም፤ ክሪኩ ጎን ላይ የተጻፈውን ቶን ማንበብ ነው።

እንፍራንዝ ላይ ስኮርታውን አስገብተን፣ ዳዶዎቹን በሰያፍ በሰያፍ አጥብቀን ጨረስን። ሽንኩርቱን ጫንኩ። ለሽማግሌው ጥቂት ብር ላስይዛቸው ብል እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። ሞተር ላስነሣ ቁልፉን ስይዝ መስኮቱን አንኳኩ።

«ድንጋዩንስ?»

ታኮ ያደረግኋቸው ሁለት ድንጋዮች አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነበሩ፤ ለማስጠንቀቂያ ከኋላ የጣልናቸው የቅጠል ዝንጣፊዎችም እንዲሁ። ከጎንደር እስከ ወረታ ባለው መንገድ ሰው ጎማ ቀይሮ የተዋቸው ድንጋዮች ማታ ለሌላ ሰው ጎማ ይቆያሉ። ወርጄ ሁለቱንም ወደ ቦዩ ወረወርኳቸው፤ ቅጠሉን ባለቤቴ ሰበሰበች። ሽማግሌው እስክንጨርስ ቆመው ካዩን በኋላ ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

ምንጣፉ ስር ያለው ጉብታ አሁንም አለ። ላሜራ ሠሪ በመዶሻ ላስተካክልልህ ቢለኝም ተውኩት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ እግሩን እያንቀሳቀሰ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል።